ከደብረ ብርሃን እስከ ጓሳ፦ ስለ ስክሪንና ስለ ጨለማ እየተከራከርን

ሐሙስ፣ ጥር 21 ቀን 2012 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን

ላምበረት መናኸሪያ በማለዳ ደርሰን ሚኒባስ ያዝን። አብራኝ ያለችው የእህቴ ልጅ ናት። አቡዳቢ ውስጥ፣ ጣሪያ ሥር ባለ ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ ኦፕሬተር ሆና ትሠራለች። ለዕረፍት ነው የመጣችው። እንግዳ ታስቀምጣለች፣ የደህንነቱን ብረት ትቆልፋለች፣ ለባልደረባዋ አውራ ጣቷን ታሳያለች፣ ጋሪው ይለቀቃል። ከዚያ ቀጣዩ ጋሪ። እኔ ደግሞ የቲያትር መድረክ ሠዓሊ ነኝ። ሸራ ወጥሬ ተራራ እሥላለሁ፣ በኮምፔንሳቶ ቤተ መንግሥት እሠራለሁ። ሁለታችንም እንጀራችን ሰውን ለጥቂት ደቂቃ ሌላ ቦታ ማድረስ ነው። ስንገናኝ ወሬያችን እዚያው ላይ ነው የሚዞረው።

አምና ልጠይቃት አቡዳቢ በሄድኩ ጊዜ ፓርኩን አስጎብኝታኝ ነበር። ሁለት ነገር ላይ አስቀመጠችኝ። አንዱ መነጽር ተደርጎ የሚገባበት ነው። ወንበሩ ይወዛወዛል፣ ፊት ለፊት በተዘረጋው ግዙፍ ስክሪን ላይ ያለው ሁሉ ወደ እኛ ይወረወራል። ሌላው በዝግታ የሚሄድ ጋሪ ነው። ጨለማ ውስጥ እየተጠማዘዘ፣ በሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶችና በተሠሩ ቤቶች መሀል ያልፋል። ዳርክ ራይድ የሚሉት ይህን ነው። ከመጀመሪያው ስወጣ ጆሮዬ ይጮህ ነበር። ከሁለተኛው ስወጣ ግን ተመልሼ መግባት አማረኝ። እሷ በዚህ አትስማማም። "ጋሼ፣ ልጆቹን ይጠይቋቸው። ሰልፉ የት እንደሚረዝም ያያሉ" ትለኛለች።

መንዝ፣ መሀል ሜዳ፣ የእናቴን ዘመዶች ልንጠይቅ ነው የምንሄደው። እግረ መንገዳችንን አንኮበርንም ጣርማበርንም እናያለን ብለናል። ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖን አለፍን። የገብስ ክምር፣ ባሕር ዛፍ፣ የድንጋይ ካብ። ጫጫ ላይ ሲደርስ ብርዱ በመስኮት ይገባል። ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱበት አንጎለላ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ደብረ ብርሃን ስንገባ ከተማው ነጭ ለብሷል፤ የማርያም በዓል ነው። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ፣ ጸበል ቅመሱ እየተባባለ ነበር። ከዋናው መንገድ ዳር አንድ ወጣት የፕላስቲክ ወንበር አስቀምጦ፣ ስልክ የሚገባበት፣ ሌላ ዓለም ውስጥ የገባህ የሚያስመስል የቪአር መነጽር ይዞ ልጆች ያስተናግዳል። ልጆቹ ተኮልኩለዋል። ቆመን አየን።

ተራ የደረሰው ልጅ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። የበዓል ልብሱን ለብሷል። መነጽሩ ሲታሰርለት አፉን ከፈተ። ከዚያ ሁለቱንም የወንበሩን እጆች ጨበጠ። አንገቱን ወደ ግራ ጣለ፣ ወደ ቀኝ ጣለ። እግሮቹ መሬት አይደርሱም፤ ፍሬን እንደሚይዝ ሰው አየሩን ረገጠ። እናቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ሲፈታለት ዙሪያውን አየና "አለቀ?" አለ። ፊቱ ገርጥቶ ነበር።

"ያቅለሸለሸዋል" አለች የእህቴ ልጅ። ሥራዋ ስለሆነ ከሩቅ ታውቀዋለች። ዓይኑ "እየወደቅህ ነው" ይለዋል፤ በውስጠኛው ጆሮ ያለው ሚዛን ጠባቂ ደግሞ "ኧረ ተቀምጠሃል" ይለዋል። አንጎል ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ሆድ ይታወካል። ትልልቆቹ ፓርኮች ለዚህ መላ ያገኙት ከአብራሪዎች ነው። ለበረራ ማሠልጠኛ የተሠራውን የሚወዛወዝ ክፍል ወስደው ፊልም ገጠሙበት። እ.ኤ.አ. በ1987 ካሊፎርኒያ ዲዝኒላንድ ውስጥ የተከፈተው ስታር ቱርስ እንዲህ ነው የተሠራው። 40 ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፣ ክፍሉ ከፊልሙ ጋር ይጋደላል፣ ሰዉ ሕዋ ላይ የበረረ ይመስለዋል። በዓይንና በጆሮ መካከል ያለው ጠብ ይበርዳል። አይጠፋም እንጂ።

እኔ ልጁን ሳይ ያሳዘነኝ ሌላ ነገር ነው። አጠገቡ እናቱ አለች፣ ጓደኞቹ አሉ። እሱ ግን ብቻውን ነበር። ይህን ስላት ዝም ብላ ቆየችና እንዲህ አለችኝ፦ "ግን እኮ ጋሼ፣ ወጣቱ ሙሉ ፓርኩን በጀርባ ቦርሳ ይዞ ይሄዳል። ነገ ሸዋ ሮቢት ሊሠራ ይችላል። የእርስዎን ኮምፔንሳቶ ማን ይሸከመዋል?" እውነቷን ነው። ይህንን መልስ ሳልሰጥበት አደርኩ።

ዓርብ፣ ጥር 22፤ አንኮበር

ሌሊት ውርጭ ጥሎ ነበር። ጠዋት ሣሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ ነው ያገኘነው። ጾም ስለሆነ ሽሮ በልተን፣ ትኩስ ሻይ ደጋግመን ጠጥተን ተነሣን።

ከደብረ ብርሃን አንኮበር ከአርባ ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። መንገዱ ለረጅም ጊዜ ሜዳ ነው። ከዚያ ሜዳው ድንገት ያልቃል። አፋፉ ላይ ቆመህ ወደ ምሥራቅ ስታይ ምድር ደረጃ በደረጃ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመሄዳቸው በፊት የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ እዚህ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ወደነበረበት ኮረብታ በእግር ወጣን። እሷ የባሕር ጠረፍ አየር ለምዳለች፤ እያረፈች ነው የወጣችው።

ከላይ ስንደርስ ጉም ከሥር መጣ። መጀመሪያ የሩቁ ሸንተረር ጠፋ። ቀጥሎ የመካከለኛው። ቀጥሎ ከእኛ በታች ያሉት ጽዶች አንድ በአንድ እየደበዘዙ ሄዱ። ቅርባችን ያለው ጽድ ብቻ ጥቁር ሆኖ ቀረ። መድረክ ላይ ተራራ ስሠራ የምከተለው ሕግ ይኸው ነው፦ ቅርቡን አጥቁር፣ ሩቁን አሳሳ። አንድ ነገር ግን ሸራ ላይ አይመጣም። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ስሄድ ቅርቡ ጽድ ዘልሎ ያልፋል፣ ከኋላው ያለው ቀስ ይላል፣ ሩቁ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ዓይናችን ርቀትን የሚያምነው በዚህ ነው። ሥዕል ፊት ሁለት እርምጃ ብትሄድ ሁሉም አብሮ ነው የሚንቀሳቀሰው። ስክሪንም እንደዚያው ነው።

"እንደዚያው አይደለም" አለች። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዝርዝሩን ነገረችኝ። እ.ኤ.አ. በ1999 ፍሎሪዳ፣ ዩኒቨርሳል ፓርክ ውስጥ የስፓይደርማን ጉዞ ሲከፈት ሠሪዎቹ የተጋፈጡት ይህንኑ ችግር ነው። ጋሪው ራሱ ይወዛወዛል፣ ይዞራል፣ ደግሞም በስክሪኑ ፊት ወደ ፊት ይሄዳል። ተራ ፊልም ቢያሳዩ ሕንጻዎቹ ሁሉ የተጣመሙ ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ ፊልሙን ራሱን አጣመሙት። ጋሪው በሚያልፍበት እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ተቀምጦ የሚያየው ሰው ትክክለኛውን ጥልቀት እንዲያገኝ አድርገው ምስሉን ያለማቋረጥ እየጎተቱና እየለጠጡ ነው የሠሩት። በስክሪኖቹ መካከል ደግሞ እውነተኛ ግድግዳ፣ እውነተኛ ቱቦ፣ እውነተኛ ጭስ አስገቡ። ግድግዳው የት አልቆ ስክሪኑ የት እንደሚጀምር ሰው እንዳይለይ። ሃያ ዓመት ሆነው፤ ሙያተኞቹ ዛሬም ያነሡታል።

ይህንን አከብራለሁ። የሠዓሊ ሥራ ነው። ቢሆንም ስሌቱ የሚሠራው ለአንድ የዕይታ ነጥብ ነው። ጋሪው መካከል ለተቀመጠው ፍጹም ይሆናል፤ ጫፍ ላይ ለተቀመጠው ትንሽ ይጣመማል። የአንኮበር ጽድ ለማንም አይጣመምም።

ማታ። ያረፍንበት ቤት ሻይ ክፍል መስኮቱ ሰፊ መስታወት ነው፣ ወደ ገደሉ ይከፈታል። መብራት ሄዶ ስለነበር ባለቤቷ ፋኖስ አመጡልን። ውጪው ድቅድቅ ጨለማ ነው። የእህቴ ልጅ ፋኖሱን ከፍ አድርጋ ያዘችና "ጋሼ፣ ውጪውን ይመልከቱ" አለችኝ። ገደሉ ላይ፣ አየር ላይ፣ አንድ ፋኖስ ተንጠልጥሏል። እጇም አብሮ ይታያል፤ በእጇ ውስጥ አልፎ የሩቅ መንደር እሳት ብልጭ ይላል። የቤቱ ትንሽ ልጅ አየና ወደ እናቱ ሮጠ። ከዚያ ተመልሶ መስታወቱን በጣቱ ነካ። ከዚያ ደጅ ወጥቶ ፋኖሱን ፈለገ።

ይህ የፔፐር መንፈስ የሚባለው ጥበብ ነው። ሄንሪ ዲርክስ የሚባል ሰው ሐሳቡን አመጣው፤ ጆን ሄንሪ ፔፐር አሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንደን፣ ሮያል ፖሊቴክኒክ መድረክ ላይ አሳየው። ትልቅ መስታወት መድረኩ ላይ ሰያፍ ይቆማል። ተመልካች በማያየው ቦታ የተደበቀ ተዋናይ ላይ መብራት ሲበራ መልኩ መስታወቱ ላይ ያርፋል፣ መድረኩ ላይ መንፈስ የቆመ ይመስላል። መብራቱ ሲደበዝዝ መንፈሱ ይጠፋል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ዲዝኒላንድ ውስጥ ሃንትድ ማንሽን የሚባለው የመናፍስት ቤት ሲከፈት በዳንስ አዳራሹ የሚጨፍሩት መናፍስት በዚሁ መላ ተሠሩ። ኮምፒውተር የለም፤ መስታወት፣ መብራትና አሻንጉሊት ብቻ። ዛሬም ይጨፍራሉ።

እዚያው ሃንትድ ማንሽን ውስጥ ደግሞ የሚናገር ጭንቅላት አለ። ፊቱ የተቀረጸ ፊልም ነው፤ የአንዲት የዲዝኒ ሠራተኛ ፊት በጭንቅላት ቅርጽ ላይ ይበራል። ስለዚህ ፊልምና አሻንጉሊት ጠላቶች ሆነው አልተወለዱም። ፊልሙ ያረፈበት ነገር ቅርጽ ነበረው፤ አፍንጫው እውነተኛ አፍንጫ ላይ፣ አገጩ እውነተኛ አገጭ ላይ። እኔ የምጠላው ፕሮጀክተርን አይደለም። ባዶ ክፍል ውስጥ ግድግዳ የሚያክል ጨርቅ ሰቅሎ፣ ወንበር አወዛውዞ፣ "ጉዞ ነው" ማለትን ነው። ይህንን ስላት ፋኖሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "እሱስ እኔም አይመቸኝም" አለች።

ቅዳሜ፣ ጥር 23፤ ጣርማበር፣ ደብረ ሲና

ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሰን የደሴን መንገድ ያዝን። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን በስተው ያወጡት ዋሻ እዚያ አለ። ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሾፌራችን ከመግባቱ በፊት አማተበ፣ መብራት አበራ፣ ጥሩንባ ነፋ።

ገባን። ቅዝቃዜው ወዲያው ተለወጠ፤ እርጥብ ሆነ። ከጣሪያው ውኃ ይንጠባጠባል። የድንጋዩ ሽታ አለ፣ የናፍጣ ሽታ አለ። ከፊት አንድ ከባድ መኪና ሲመጣ መብራቱ ግድግዳውን ላሰው፣ የድንጋዩ ጎድን ሁሉ ጥላ ጣለ፣ ጥላዎቹ ወደ ኋላችን ሮጡ። ሚኒባሱ ውስጥ ወሬ ቆመ። ከዚያ ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ። ነጥቡ ሰፋ። ስንወጣ ከፊታችን ሜዳ የለም። ምድር ወርዷል፤ ከእግራችን ሥር እርከን፣ ጎጆ፣ የሚጠማዘዝ መንገድ፣ ከሩቅ ደብረ ሲና። ተሳፋሪው ሁሉ እኩል ተነፈሰ። ይህን መንገድ በየሳምንቱ የሚመላለስ ነጋዴ አጠገቤ ነበር፤ እሱም መስኮቱን ከፍቶ አየ።

ከዚህ የተሻለ የጨለማ ጉዞ አላውቅም። ስለ ባሕር ወንበዴዎቹ ጉዞ፣ ስለ ፓይሬትስ ኦፍ ዘ ካሪቢያንም ያነሣሁት እዚያው ሚኒባሱ ውስጥ ነው። ዲዝኒላንድ እ.ኤ.አ. በ1967 ነው የከፈተው። ዋልት ዲዝኒ ራሱ ቆሞ ያሠራው የመጨረሻ ጉዞ ይባላል፤ ሲከፈት ሳያየው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1966 ሞተ። ሰዉ በጀልባ ይገባል፣ ጀልባው በጨለማ ሁለት ጊዜ ቁልቁል ይወርዳል። ብዙ ሰው ቁልቁለቱ ለማስደንገጥ የተሠራ ይመስለዋል። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። ፓርኩ ዙሪያውን በአፈር ግድብ የታጠረ ነው፣ በግድቡ ላይ ባቡር ይሄዳል። አሻንጉሊቶቹን የሚይዘው ሕንጻ በጣም ትልቅ ስለሆነ ግድቡ ውስጥ አልበቃም፣ ውጪ ተሠራ። ስለዚህ ጀልባዎቹ ከባቡሩ ሥር ማለፍ ነበረባቸው። መውረዳቸው ለዚህ ነው። የሃንትድ ማንሽንም ጣሪያው የሚረዝም የሚመስለው ክፍል እንዲሁ ሰውን ከግድቡ ሥር ወደሚያልፈው መንገድ የሚያወርድ አሳንሰር ነው። መሐንዲስ እንቅፋቱን ለማለፍ የቆፈረው ጉድጓድ የታሪኩ ምርጥ ክፍል ሆነ። ጣርማበርም መንገዱን ተራራ ባይዘጋው ኖሮ ያ ነጭ ነጥብ አይኖርም ነበር።

"ለምን ይሠራል ታዲያ?" ብዬ ጠየቅኳት። ኦፕሬተር ስለሆነች ሰው ሲገባና ሲወጣ ፊቱን የምታየው እሷ ናት። አሰበች። "ሰውነት ስለሚሄድ ይመስለኛል" አለች። "ስክሪኑ ላይ ዓለም ይሄዳል፣ ሰውየው ቁጭ ብሏል። ጋሪው ላይ ዓለም ቆሟል፣ ሰውየው ነው የሚሄደው። የሚወጡት ልጆች የሚያወሩትም ይለያል። ከስክሪኑ ሲወጡ 'እንዴት ያለ ነበር' ይላሉ። ከጋሪው ሲወጡ 'ያንን አየኸው? ጥጉ ላይ የነበረውን?' ይባባላሉ።"

ደብረ ሲና ሙቀት ጠበቀን። ሹራብ አወለቅን። የቆሎ ሻጮች መኪናውን ከበቡት፤ የደብረ ሲናን ቆሎ ሳይገዙ ማለፍ የለም። ምሳ ከበላን በኋላ የባጃጅ ወንበር የሚበይድ ልጅ ሱቅ ፊት ለፊት ቡና ጠጣን። እኔ ከሐሙስ ጀምሮ ያልመለስኩት ጥያቄ ነበረብኝ፦ ኮምፔንሳቶውን ማን ይሸከመዋል?

መልሱ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1928 ተሰጥቷል። ኒው ጀርሲ፣ ብሪጅተን የሚባል ከተማ ሊዮን ካሲዲ የሚባል ሰው አነስተኛ መዝናኛ ቦታ ነበረው። ትልቅ የውኃ ቦይና ጀልባ የሚሠራበት ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ አንድ ነጠላ ሐዲድ መሬት ላይ አነጠፈ፤ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትንሽ ጋሪ ሐዲዱን ተከትሎ በጨለማ ቤት ውስጥ እንዲጠማዘዝ አደረገ። መጠማዘዙ ነው ዘዴው፤ ትንሽ ክፍል ውስጥ ረጅም መንገድ ያስገኛል፣ ቀጥሎ የሚመጣውንም ይደብቃል። በሚጠማዘዘው ዳቦ ስም ፕሬዝል ብሎ ሰየመውና እየሠራ ለሌሎች መሸጥ ጀመረ። የገጠር ባዛር የሚያዞሩ ሰዎች ሳይቀሩ ገዙት። እንግሊዝ ብላክፑል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1930 የተከፈተው ጎስት ትሬንም ከዚሁ ዘር ነው።

የቆሎው ወረቀት ላይ ሥዕሉን ሣልኩ። ሐዲዱን፣ ጋሪውን፣ ሐዲዱን የሚይዘውን ትንሽ መንኮራኩር። በያጁ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣና በትከሻዬ በኩል አየ። "ምንድን ነው ጋሼ?" ነገርኩት። ወረቀቱን ተቀብሎ አዟዟረው። ጋሪው ላይ ምንም አላለም፤ ጣቱን ኩርባው ላይ አደረገ። "ይሄ ጋ ነው ሥራው። ቶሎ ካጠፍከው መንኮራኩሩ ይወጣል። ሰፋ አድርገህ ማዞር አለብህ።" ከዚያ ሱቁ ገብቶ የባጃጅ ሞተር ሽፋን ይዞ ወጣና በአፉ የሞተር ድምፅ እያሰማ፣ አቧራው ላይ ኩርባውን በእግሩ ሠራልን። አቧራው ላይ የሠራው ኩርባ ከእኔ ሥዕል ይሻላል።

ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ፕሮጀክተር ሲበላሽ ዕቃው በዶላር ነው የሚመጣው። የሚያውቀው ባለሙያም ሩቅ ነው። ሐዲድና ጋሪ ግን የደብረ ሲና በያጅ ይጠግነዋል። ኮምፔንሳቶና ቀለም ደብረ ብርሃን አለ። ጥጉ ላይ የሚቆመውን ጅብ የሚቀርጽ እጅ በየመንደሩ አለ። የእህቴ ልጅም እዚህ ላይ ራሷ የምታውቀውን ጨመረችልኝ። "አንድ አሻንጉሊት ቢሞትብን ጋሪው ዝም ብሎ ያልፋል፣ እንግዳው አያውቅም። ዋናው ፕሮጀክተር ቢሞት ግን ሁሉንም እናስወጣለን።" ቀጥላም የሌላኛውን ወገን ነገረችኝ፦ የአሻንጉሊት ቆዳ ይቀደዳል፣ የአየር ቱቦ ያፈስሳል፣ አቧራ መገጣጠሚያው ውስጥ ይገባል። ሌሊት ሌሊት የጥገና ሰዎች በባትሪ መብራት ሲዞሩ ነው የሚያድሩት። ስክሪኑን ግን ፊልሙን ቀይረህ በሁለተኛው ዓመት አዲስ ነገር ነው ብለህ ትሸጠዋለህ። ለባለ ገንዘብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አልክድም።

እሑድ፣ ጥር 24፤ ጓሳ፣ መሀል ሜዳ

ወደ ጣርማበር ተመልሰን ወደ መንዝ የሚወስደውን መንገድ ያዝን። ብርዱ ተመለሰ። ጓሳ ስንደርስ አውርደን ብለን ሾፌሩን ለመንነው፤ ደግ ሰው ነው፣ ቆመልን።

ጭላዳዎቹ ከመንገዱ ብዙም አልራቁም። መቶ ይሆናሉ፣ ምናልባት ይበልጣሉ። ሣሩ ላይ ተቀምጠው በሁለት እጃቸው እየነጩ ይበላሉ። አንዱ ትልቅ ወንድ ጋማውን ነፋስ እያነሣው ቅንድቡን ገልጦ ሌላውን ያስፈራራል። ከኋላው ግልገሎች ይንከባለላሉ። ወደ ቀኝ ሁለት እናቶች ቅማል ይፈላለጋሉ። ገደሉ አፋፍ ላይ አንዱ ብቻውን ተቀምጧል። ማንም ለእኛ ብሎ የሚያደርገው ነገር የለም። ወደ ግራ ካየን የቀኙ ያመልጠናል።

ስክሪን ይህን አይችልም፤ ወይም አይፈልግም። ስክሪን ሁሉም ሰው አንድ ነገር በአንድ ጊዜ እንዲያይ ነው የሚሠራው። ነገሩ ወደ ፊትህ ይመጣል፣ ይጮኻል፣ ይፈነዳል። ፓይሬትስ ውስጥ ከመቶ በላይ የሚንቀሳቀሱ ሰዎችና እንስሳት አሉ። ጀልባው ሲያልፍ በሁለቱም ወገን፣ በድልድዩ ላይ፣ በመስኮቱ ውስጥ እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ይሠራል። አንድ ጊዜ ገብቶ ሁሉን ያየ ሰው የለም። ሰው ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተመልሶ የሚገባው ለዚህ ይመስለኛል። አሁን ያሉት ሠሪዎችም ይህን እያስታወሱ ነው። ባለፈው ኅዳር ፍሎሪዳ የተከፈተው ራይዝ ኦፍ ዘ ሬዚስታንስ ግዙፍ ስክሪን አለው፤ ነገር ግን ሐዲድ የሌላቸው ጋሪዎቹ በእውነተኛ ቁመታቸው በቆሙ ትልልቅ የጦር ማሽኖች እግር ሥር ያልፋሉ። ሻንጋይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 የተሠራው የባሕር ወንበዴዎች ጉዞም ጀልባውን ሰማይ በሚያክል ስክሪን ፊት ያዞረዋል፣ ከዚያ የመርከብ ስብራት ውስጥ ያስገባዋል። እንዲህ ሲሆን እኔም እጄን አነሣለሁ።

የጓሳ ጥበቃ ከአራት መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ የመጣ ነው። ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ሕዝቡ ራሱ አለቃ ይመርጥ፣ ሣሩን ለዓመታት ይዘጋ፣ ሲከፈት ሁሉም ተራውን ጠብቆ ያጭድ ነበር። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ማኅበረሰቡ በሌላ መልክ ጥበቃውን ቀጥሎበታል። ቀይ ቀበሮም በዚህ ነው የተረፈችው። አሜሪካ፣ ፔንስልቬንያ፣ ኬኒውድ ፓርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1901 የተሠራ የጀልባ ጉዞ አለ። ብላክፑል ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1905 አለ። ሁለቱም አሁን ድረስ ሰው ይጭናሉ። በየዘመኑ እንጨቱን የሚቀይር፣ ቀለሙን የሚያድስ ሰው ነበራቸው። ይህን ስነግራት እሷ የጭላዳዎቹን ፎቶ ታነሣ ነበር። ስልኳን አወረደች።

መሀል ሜዳ አክስቴ ቤት ገብተን፣ ጠላ ቀርቦልን፣ ምድጃ ዳር ተቀምጠን ወረቀቱን እንደገና ዘረጋን። ይህ ሥራ አንድ ቀን ቢሠራ ደብረ ብርሃን ላይ መሆን አለበት፤ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ መንገዱም ያገናኛል። ትዕይንቶቹን ተራ በተራ ጻፍን። መጀመሪያ የውርጭ ማለዳ፣ ገብስ አውድማ። ቀጥሎ ገበያ። ቀጥሎ የጣርማበር ዋሻ፤ ግድግዳው እውነተኛ ድንጋይ፣ ከጣሪያው እውነተኛ ውኃ። ቀጥሎ ማታ፣ ጅብ፣ በመስታወት የሚሠራ ፋኖስ። መጨረሻ ላይ ጭላዳ። አክስቴ "ሰላቢም ይግባበት" አሉ። ጻፍነው።

የእህቴ ልጅ እስክሪብቶውን ወሰደችብኝ። ከዋሻው መውጫ ላይ መስመር አሰመረች። "እዚህ ጋ አንድ ስክሪን እፈልጋለሁ" አለች። "ከጨለማው ሲወጡ የሚያዩትን ገደል በኮምፔንሳቶ አይሠሩትም፤ ያን ያህል ክፍል ከየት ይመጣል?"

ተከራከርኩ። ሸራ ይበቃል አልኳት። ሦስት ንብርብር፣ በመካከሉ ጭስ። ሸራው ላይ ዳመናው አይንቀሳቀስም አለችኝ። ልክ ናት፣ አይንቀሳቀስም። ተስማማሁ፤ በቅድመ ሁኔታ። ስክሪኑ ከጉልላት ያላነሰ ጥምዝ ይሁን። ጠርዙ በየትኛውም ወንበር ላይ ለተቀመጠ ልጅ አይታይ። ከፊቱ ቢያንስ ሁለት እውነተኛ ጽድ ይቁም፣ አንዱ ለጋሪው እጅግ ቅርብ፣ ቅርንጫፉ የልጁን እጅ ሊነካ ትንሽ የቀረው።

"ሊነካ አይችልም" አለች። "ከተቀመጠ ልጅ የተዘረጋ እጅ የሚደርስበትን ለክተን ከዚያ እናርቀዋለን። ደህንነት ነው፤ በዚህ አልደራደርም።"

ልኩን ጠየቅኳት። ተነሥታ ዱካው ላይ የአክስቴን የልጅ ልጅ አስቀመጠች፣ እጁን እንዲዘረጋ ነገረችውና በክንዷ መለካት ጀመረች።